ለመልስ የሚበቃ ዝምታ

አሰላ ውስጥ፣ እኛ ሰፈር ሰው ሲሞት፣ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ የኋላሸት ወደ ድንኳኑ ይመጣሉ። ግራጫ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ጠርዙ በፕላስተር የተጠገነ ደብተር በብብታቸው ሸጉጠው በሩ ላይ ይቆማሉ። ካርታ የሚጫወቱት ካርታቸውን ይሰበስባሉ። ስልክ የያዘ ሰው ስልኩን ደፍቶ ጭኑ ላይ ያስቀምጣል፤ ደንቡ ነው። ጋሽ የኋላሸት መጀመሪያ የሟች ቤተሰብ ወደ ተቀመጠበት ጎንበስ ይላሉ። ከዚያ ደብተራቸውን ገልጠው፣ ከፕላኔቶች ሁሉ ቀኗ ከዓመቷ የሚረዝመው የትኛዋ እንደሆነች ይጠይቃሉ።

እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጣል። አንድ ጊዜ ከአዳማ ለቀብር የመጣ ዘመድ ተቆጥቶ፣ ይህ ለቅሶ ነው ወይስ ትምህርት ቤት ብሎ ነበር። የመለሱለት የሟች እናት ናቸው። "ተቀመጥ ልጄ፤ እኔ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የተነፈስኩት አሁን ነው" አሉት። ሰውየው ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶም የቡርኪና ፋሶን ዋና ከተማ ከሁሉም ቀድሞ መለሰ።

ጋሽ የኋላሸት ወልደጻድቅ የተወለዱት ዲክሲስ አካባቢ፣ ገብስና ስንዴ ከሚያርሱ ሰዎች ነው። በዐሥራ ሦስት ዓመታቸው ለትምህርት ወደ አሰላ መጡና እዚሁ ቀሩ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርሱ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ ስላልመጣላቸው አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላቦራቶሪ ሠራተኛ አድርጎ ቀጠራቸው። ሠላሳ ሁለት ዓመት የመስታወት ቱቦ አጠቡ፣ ጠርሙስ ላይ ስም ለጠፉ፣ ተማሪ የሰበረውን ጠረጉ። ትርፍ ጊዜያቸውን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበር የሚያሳልፉት። ስለ ኩላሊትም፣ ስለ ኦሎምፒክም፣ ስለ ሕገ መንግሥትም፣ ስለ ኦክቶፐስ ሦስት ልቦችም ያገኙትን ሁሉ አነበቡ፤ ያነበቡትን ጥያቄና መልስ እያደረጉ ደብተር ላይ አሰፈሩ። እንደዚህ እንደዚህ ሲል የክፍሎች የጥያቄና መልስ ውድድር በመጣ ቁጥር ጥያቄ የሚያወጡት እሳቸው ሆኑ።

አንድ ዓመት፣ ውሃ አሰላ ላይ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ጠየቁ። ተማሪው በሙሉ መቶ አለ። አስተማሪዎቹም መቶ አሉ። እሳቸው ምንም ሳይናገሩ የአልኮል ምድጃቸውንና ቴርሞሜትራቸውን መድረኩ ላይ አምጥተው ውሃ ጣዱ። ዘጠና ሁለት ላይ ፈላ። ባሕር ዳርቻ ቢሆን ኖሮ መቶ ነበር አሉ፤ እኛ ያለነው ከፍታ ላይ፣ ጭላሎ ተራራ ሥር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማው ያወጣላቸው ስም "ዘጠና ሁለት" ነው። የባጃጅ ሾፌሮች፣ "ዘጠና ሁለት፣ ላድርስዎት?" ሲሏቸው ኮታቸውን አስተካክለው ይገባሉ እንጂ አይቀየሙም።

ወደ ድንኳን የገቡት በኤቢሳ ሞት ነው። ኤቢሳ ብቅል ፋብሪካ የሚሠራ ጎረቤታችን ነበር። ሲሞት ሚስቱ ሁለት ቀን ሙሉ አላለቀሰችም፣ አልተናገረችም፤ ውሃ የሚሰጧት በማንኪያ ነበር። ጋሽ የኋላሸት ማጽናናት አይሆንላቸውም፤ እግዜር ያጥናሽ ካሉ በኋላ የሚጨምሩት ነገር አያገኙም። ዝምታው ሲከብዳቸው አጠገባቸው የተቀመጡትን ወንዶች፣ ገብስ ረጥቦ ከተዘረጋ በኋላ በስንት ቀን ብቅል እንደሚሆን ጠየቁ። አንዱ ሁለት አለ፣ አንዱ ዐሥር። ከሴቶቹ በኩል፣ "አምስት ቀን፤ ብርድ ሲበረታ ስድስት" የሚል ድምፅ መጣ። የኤቢሳ ሚስት ነበረች። ባሏ ከሥራ ሲመለስ ሥር ያወጣች አንዲት የገብስ ፍሬ በኪሱ ይዞላት ይመጣ እንደነበር ነገረችን። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ከዚያ በኋላ ይህ የሰፈራችን ልማድ ሆነ። ጋሽ የኋላሸት ከጠቅላላ እውቀቱ ሁሉ ዐሥር ያህል ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ የመጨረሻው ግን ሁልጊዜ የሟቹ ነው፤ እሱ በሕይወቱ ያወቀው፣ ሌላው የማያውቀው ነገር። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሲሞት የወፍጮ ድንጋይ በምን ያህል ጊዜ እንደሚወቀር ጠየቁ። ንብ ያረቡ የነበሩት ሽማግሌ ሲሞቱ ንብ ስንት ዐይን እንዳላት ጠየቁ፤ አምስት ነው። ጎሚስታው ሲሞት፣ ውሃ በሌለበት ቦታ የጎማ ቀዳዳ በምን እንደሚገኝ ጠየቁ፤ ልጁ፣ "በጉንጭ፤ ጉንጭን አርጥቦ በማስጠጋት" ብሎ መለሰ፤ ጉንጩንም ያዘ። ለዚህ ብለው ጋሽ የኋላሸት ሰው በሕይወት ሳለ ስለ ሥራው ይጠይቁና ይጽፉ ነበር። ይህ ደግሞ ሰውን ያስፈራ ጀመር። ደብተራቸውን አውጥተው ወደ አንድ ልብስ ሰፊ ቢጠጉ፣ "ኧረ ጋሼ፣ እኔ ደህና ነኝ! ትናንት ነው የተመረመርኩት!" ይላቸዋል፤ ቆመው የሚያዩት ሁሉ ይስቃሉ።

ለአባቴ የነገሩት አንድ ነገር አለ። ያን የመጨረሻ ጥያቄ ጠይቀው ሲጨርሱ፣ ድንኳኑ ዝም ባለበት፣ ማንም ሰው አፉን ሳይከፍት በፊት መልሱን በሟቹ ድምፅ ይሰሙታል። የወፍጮ ቤቱን ሰው ከነሳሉ ሰምተውታል። ጎሚስታውን ከነጥድፊያው ሰምተውታል። አልፈራም አሉ፤ ሰውየው መልሱን ያውቀዋላ፣ ለምን ዝም ይላል። አባቴ ይህን ለእናቴ ሲያወራ እኔ ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ድንኳን ውስጥ ያ ዝምታ በመጣ ቁጥር እኔም ጆሮዬን አቀናለሁ። ሰምቼ አላውቅም።

ሚስታቸው እትዬ ተናኜ የአቦምሳ ልጅ ነበሩ። ቆላ አፍ ላይ ያደጉ ስለሆኑ የአሰላን ብርድ እስከ መጨረሻው አልለመዱትም፤ ሥራቸውም ሹራብ መሥራት ነበር። የሰፈራችን ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት የሄድነው የእሳቸውን ሹራብ ለብሰን ነው። ልጅ አልወለዱም። ጋሽ የኋላሸት አዲስ ጥያቄ ሲጽፉ መጀመሪያ የሚያነቡት ለእትዬ ተናኜ ነበር። እትዬ ተናኜ ኪሮሻቸውን ሳይለቁ ያዳምጣሉ፣ "እሺ" ይላሉ፣ ጥልፋቸውን በከንፈራቸው መቁጠር ይቀጥላሉ። አርባ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ እትዬ ተናኜ ጉበታቸውን ታመሙ። ኅዳር ሲገባ ሐኪሞቹ ቤታቸው እንዲተኙ መከሯቸው። የሚያጥቧቸውና የሚያገላብጧቸው ጎረቤታቸው እትዬ ሰኪና ነበሩ፤ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ሲረዱ ሃያ ስምንት ዓመት የሠሩ፣ እጃቸው የማይንቀጠቀጥ ሴት።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ጋሽ የኋላሸት አልጋው አጠገብ ተቀምጠው እርሳስ ይቀርጹ ነበር። እትዬ ተናኜ ዐይናቸውን ገልጠው፣ በአርባ ዓመት ውስጥ ጠይቀውት የማያውቁትን ዓይነት ጥያቄ ጠየቁ።

"የኋላ፣ ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚሄደው ማየት ነው መስማት?"

መልሱን ያውቁታል። ከአንድ የጤና መጽሔት ገልብጠው ደብተራቸው ላይ በቁጥር 1147 ጽፈውታል፤ ከስሜት ሁሉ መጨረሻ የሚቀረው መስማት ነው ይባላል። ግን ይህን መናገር፣ አዎ ትሞቻለሽ ብሎ መናገር መሰላቸው።

"እሱ የባዮሎጂ ጥያቄ ነው" አሉ። "አጣርቼ እነግርሻለሁ።"

እትዬ ተናኜ ፈገግ ብለው፣ "እኔ ስጠይቅህ ነው ማጣራት የመጣብህ?" አሉ። ጋሽ የኋላሸት እርሳሳቸውን ይዘው ወደ ግቢ ወጡ። አርብም አላጣሩም፤ ቅዳሜም አላጣሩም።

ማክሰኞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ እትዬ ተናኜ መናገር አቆሙ። ዐይናቸው ተከደነ፤ ትንፋሻቸው ብቻ ቀረ። እስከ ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት በዚሁ ቆዩ። ጋሽ የኋላሸት ከአልጋው አልተነሡም። የሚስታቸውን እጅ ይዘው፣ የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ ተቀምጠው ነበር። እናቴ እዚያ ነበረች፤ ያን ሁሉ ሰዓት አንዲት ቃል ሲናገሩ አልሰማኋቸውም ትላለች። ሰው ይገባል፣ ይጸልያል፣ ይወጣል። እሳቸው ዝም። ኋላ ለአባቴ ሲነግሩት፣ የሚሉት ጠፍቷቸው አልነበረም፤ አፋቸውን ከከፈቱ ያን መልስ ማወቃቸውን ትሰማለች ብለው ፈሩ። ረቡዕ ሲጋመስ ፍርሃቱ ተገላበጠ፤ ዝም ማለታቸውን እየሰማች ቢሆንስ? ያኔ ደግሞ ድምፃቸው አልወጣ አለ። ከዚያም ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ድንኳኑ በዚያው ምሽት ተተከለ። ሁለተኛው ቀን መጣ፣ ከሰዓት በኋላም ሆነ። ሰው በለመደው ሰዓት ስልኩን ደፍቶ ጭኑ ላይ አኖረ። ማንም ያዘዘ የለም፤ እጅ ራሱ ለምዶታል። ከዚያ ሁሉም አፈረ፤ ጥያቄ የሚጠይቁት ሰውዬ በሟች ቤተሰብ ቦታ ተቀምጠው ነበርና።

የእድራችን ዳኛ ኦቦ ኦላና ናቸው የደፈሩት። ጎንበስ ብለው፣ ዛሬ እንኳ ባይሆን ማንም እንደማይቀየማቸው ነገሯቸው። ጋሽ የኋላሸት ግን ደብተሩ እንዲመጣላቸው ጠየቁ። አባቴ ከቤት አምጥቶ ሰጣቸው። ገጹን ብዙ አገላበጡ። እኔ ከሴቶቹ በኩል ውሃ እያደልኩ ስለነበር ፊታቸውን አያለሁ። የሚፈልጉትን ያወቅሁት በኋላ ነው። የከተማው ሰው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር፤ ልብስ ሰፊው፣ ፖስታ ቤት የሚሠራው፣ የፈረስ ጋሪ ነጂው፣ የእግር ኳስ ዳኛው። የተናኜ የሚባል አንድም ጥያቄ አልነበረም። ለስድስት ዓመት ልጅ ሹራብ ስንት ጥልፍ እንደሚነሣ እንኳ አያውቁም። አርባ ዓመት ስትቆጥር አይተዋል፤ ስንት ደረስሽ ብለው አያውቁም።

ደብተሩን ዘጉት። ቆሙና ሐሙስ የተጠየቁትን ጥያቄ ቃል በቃል ጠየቁ።

"ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚሄደው ማየት ነው መስማት?"

ድንኳኑ ዝም አለ። ጋሽ የኋላሸት ራሳቸውን ወደ ትከሻቸው ዘንበል አድርገው፣ ከኮቱ አንገት አንድ ጆሯቸውን አውጥተው ይጠብቁ ነበር። የሚጠብቁት እኛን እንዳልሆነ ከአባቴ ሌላ የገባን ጥቂቶች ነን። ድንኳኑን ነፋስ ገፋው፤ ተመልሶ ረገበ። ሽበት የወረረው ጆሯቸው ሲቀላ አየሁ። የሁሉ ሟች ድምፅ መጥቶላቸዋል። የእትዬ ተናኜ ግን አልመጣም።

"ማየት ነው የሚቀድመው" አሉ እትዬ ሰኪና። "መስማት መጨረሻ ነው። እኛ በሽተኛ አጠገብ ስንሠራ ያስተማሩን እንደዚያ ነው።"

መሬት መሬት እያዩም ጨመሩ። "ተናኜም ጠይቃኝ ነበር። ነግሬያታለሁ።"

"መቼ?" አሉ ጋሽ የኋላሸት።

"እሑድ።"

"ምን አለች?"

እትዬ ሰኪና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ባይናገሩ ይሻላቸው እንደነበር ሁላችንም እናያለን። ግን ጠያቂው ቆመው ይጠብቃሉ፤ እትዬ ሰኪና ደግሞ ውሸት መናገር አይችሉበትም።

"'እንግዲያው አንዳንድ ነገር ይነግረኛል' አለችኝ።"

ጋሽ የኋላሸት የተዘጋውን ደብተር ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡት። ከዚያ በውድድር ላይ ሁልጊዜ በሚሉበት ድምፅ፣ "ትክክል ነው" አሉ። "ጥያቄው ተመልሷል።" ተቀመጡም። ያን ቀን ሌላ ጥያቄ አልተጠየቀም። ካርታውንም ያወጣ የለም።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ በአጥራችን በኩል ድምፃቸውን እንሰማ ጀመር። ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐይ በረንዳቸው ላይ ስትወጣ፣ ደብተሩን ከመጀመሪያው ጀምረው ጮክ ብለው ያነባሉ። የፀሐይ ብርሃን መሬት ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? ዝም ይላሉ። የሕፃን አጥንት ነው የሚበዛው የዐዋቂ? ዝም ይላሉ። ዝምታው ለመልስ የሚበቃ ነው፤ አይረዝምም፣ አያጥርም። ከዚያ መልሱን ራሳቸው ይናገራሉ። እናቴ ልብሷን እያሰጣች ይህን ስትሰማ መቆንጠጫውን ጥርሷ ላይ ይዛ ትቆማለች። አንድ ቀን አባቴ ገብቶ፣ ትሰማዎታለች ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ኤቢሳ አሁንም ይመልሳል አሉት። ጎሚስታው አሁንም ይመልሳል። ተናኜን ግን ስድስት መቶ ያህል ጠየቅኋት፤ የመለሰችው የለም አሉ።

ደብተር ይዘው ወደ ድንኳን መሄድም ተዉ። ሰው ሲሞት እግዜር ያጥናችሁ ብለው፣ ትንሽ ተቀምጠው ይወጣሉ። ኦቦ ኦላና ሁለት ጊዜ ለመኗቸው። ድንኳን እስኪተከል ረፍዷል አሉ፤ ሌላ አልተናገሩም።

የካቲት ላይ ጋሪ ነጂው አብዲሳ ሳንባውን ታሞ ተኛ። ልጁ ኢፍቱ ከእኔ ጋር የተማረች ናት፤ የሆነውን የነገረችኝ እሷ ናት። አባቷ መናገር ባቆመበት ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ስትከፍት ጋሽ የኋላሸት ቆመዋል፤ ደብተሩም በብብታቸው አለ። ደሟ ፈላ። ከሩቅ ሆና ስትስቅበት የኖረችው ቀልድ አሁን እቤቷ መጣ።

"ጋሼ፣ አባቴ ገና አልሞተም" አለቻቸው።

"ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት፣ ልጄ" አሉ።

በሩን ለቀቀችላቸው። አልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ በተሰባበረ ኦሮምኛቸው ለአብዲሳ ሰላምታ ሰጡ፤ ቀጥለውም በአማርኛ፣ ፈረስ በአፉ መተንፈስ ይችል እንደሆነ ጠየቁት። ጠበቁ። አይችልም፣ በአፍንጫው ብቻ ነው፣ አንተው ነህ የነገርከኝ አሉት። የወንድ ፈረስ ጥርስ ስንት ነው? ጠበቁ። አርባ። ከዚያ ወደ ኢፍቱ ዞረው፣ አንቺም ንገሪው አሏት።

ምን ልንገረው ብላ ጠየቀች። የሆነ ነገር፣ የዛሬውን አሏት። መጀመሪያ አፈረች። ከዚያ አንድ ባጃጅ ቦይ ውስጥ መግባቱን ነገረችው። ፈረሱ ገለባውን እንደተወ፣ ጎረቤት እንግዳ እንደመጣበት፣ አክስቷ ከአቦምሳ ተነሥታ መንገድ ላይ እንደሆነች ነገረችው። ልጅ ሳለች ጋሪው ላይ ተኝታ ወድቃ እንደማታውቅ ነገረችው። አንድ ሰዓት ያህል ተናገረች። ከዚያ የምትለው አለቀባትና ዝም አለች።

ዝምታው ሲመጣ የጋሽ የኋላሸት ፊት ተለወጠ ትላለች ኢፍቱ። የሚፈሩት ሰው በሩን የከፈተ ይመስል ዞር ብለው አዩ። ደብተሩን መሬት ላይ አስቀመጡ፤ በርጩማውን ወደ አልጋው አስጠጉ፤ አጎንብሰውም ወደ አብዲሳ ጆሮ ተጠጉ።

"ተናኜ" አሉ። "ማክሰኞ ነው ዛሬ። የሰኪና ዶሮ አጥር ጥሳ ገብታ ጎመንሽን ጭራዋለች፤ ላባርራት ነበር፣ ካንቺ ተነሥቼ መሄድ ፈርቼ ተውኳት። ጨው የት እንደምታስቀምጪ አላገኘሁም። ሰው መጠየቅ አፍሬ ጠዋት ሾርባውን አልጫ አድርጌ ሰጠሁሽ፤ አንቺም ሳትናገሪ ጠጣሽልኝ። ሐሙስ የጠየቅሽኝን አውቀው ነበር። ያን ቀን ነው መናገር የነበረብኝ። ውጭ ደመና ነው፤ ጭላሎ አይታይም። እግርሽ ቀዝቅዟል፤ ካልሲ ሁለት ደርቤልሻለሁ፣ አንዱ የእኔ ነው።"

ኢፍቱ ልታርማቸው አፏን ከፍታ ነበር። የአባቷን እጅ አየችው፤ እጇ ውስጥ ሞቆ ነበር። ትንፋሹ እንደቅድሙ ይመጣል፣ ይሄዳል። አፏን ዘጋች። ጋሽ የኋላሸት ማክሰኞን እስከ ማታው ድረስ፣ ማን ገብቶ ማን እንደወጣ፣ ማን ምን ብሎ እንደጸለየ ሳይቀር ተናግረው ጨረሱ። ኢፍቱ ውሃ ሰጠቻቸው። ግማሹን ጠጥተው መለሱላትና ስለ ረቡዕ መናገር ጀመሩ።